ቁርስ ሳይቀርብ የሚቀዳ ውሃ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ጋቢው መልካም ነው፤ ጠዋት ጠዋት እደርበዋለሁ። የእኔ ዓይን ግን ሌላ ነገር ላይ ነበር። ከመደርደሪያው ጥግ የቆመች፣ የመስታወት ክዳኗ ጫፉ የተሸረፈ አንዲት ጠርሙስ ነበረች። «ይቺን ልውሰዳት?» አልኩት አለቃዬን። ወጣት ዶክተር ነው፤ በዕድሜ ልጄ ይሆናል።

«እትዬ ፋጡማ፣ ይቺ ደግሞ ምን ታደርግልዎታለች? ዘይት እንኳን በወጉ አትይዝም» አለኝ።

«ለዘይት አይደለም። ስንት ሐይቅ ተቀድቶባታል» ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ሰው ሳቀ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ሥራዬም በዚያ አለቀ።

ሰዎች «ሥራሽ ምን ነበር?» ሲሉኝ ጠርሙስ አጣቢ እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ የገባሁት በዚያ በር ነው። ተወልጄ ያደግሁት አፍንጮ በር ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ ልብስ ሰፊ ሆኖ የቀረ ሰው ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቴን ሳቋርጥ፣ ከደንበኞቹ አንዷ «የውሃ ላብራቶሪ ውስጥ ዕቃ የምታጥብ ልጅ ይፈልጋሉ» ብላ ነገረችው። ላብራቶሪው ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ደረጃው ሲረገጥ የሚያቃስት አሮጌ የእንጨት ፎቅ ላይ ነበር። ከታች ሰዓት ጠጋኝና ፎቶ ቤት፣ ከላይ እኛ። ጠዋት ከአፍንጮ በር ቁልቁል እወርድና ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሬ ዳገቱን ወደ ፒያሳ እወጣለሁ፤ ማታ ያንኑ እመለሳለሁ። እግሬ የኖረው እዚያ መንገድ ላይ ነው፤ እጄ ደግሞ ውሃ ውስጥ።

ጠርሙስ ማጠብ ቀላል ይመስላል። በሳሙና ይታጠባል፣ በአሲድ ይለቀለቃል፣ በተጣራ ውሃ ደግሞ ደጋግሞ ይለቀለቃል፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ይዘሽ ታይዋለሽ። በደንብ የታጠበ ጠርሙስ ላይ ውሃ ነጠብጣብ ሆኖ አይንጠለጠልም፤ እንደ ሻሽ ተዘርግቶ ይወርዳል። አንዲት ነጠብጣብ ከቀረች ቅባት አለ ማለት ነው፣ እንደገና ትጀምሪያለሽ። ይህን ያሳየኝ ጋሽ ተፈራ ነው።

ጋሽ ተፈራ የላብራቶሪው ትልቁ ኬሚስት ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሠራ ፈጽሞ የማይቀመጥ ሰው። አለቆች ተፈራረቁብን፤ አንዱ ለዝምታ የሚሟገት፣ ሌላው ለፊርማ፣ አንዱ ደግሞ ለጓንት ቁጥር። ጋሽ ተፈራ ግን እዚያው ነበር። አለቃ ሲቀየር «ክዳን ተቀየረ፣ ጠርሙሱ ያው ነው» ይል ነበር።

አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ እንደ ሌሎቹ ንግግር አያደርግም፤ ጁስ ቤት ይወስደዋል። እኔንም ወሰደኝ። ስፕሪስ አዘዘ። አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ፓፓያው በየተራው ተነባብሮ መጣ። ማንኪያውን ላነሳ ስል እጄን በዓይኑ ከለከለኝ።

«አትንኪው። ይሄ ሐይቅ ነው» አለ።

«ሐይቅ?»

«ላይኛው ፀሐይ የሞቀው ውሃ ነው፣ ቀላል ነው። ታችኛው ቀዝቃዛው ነው፣ ይከብዳል። እየተያዩ ይኖራሉ እንጂ አይቀላቀሉም። አየር የሚገባው ደግሞ ከላይ ነው። ታችኛው አይደርሰውም፤ ከላይ እየወረደ የሚበሰብሰው ነገር ያለችውንም ይጨርስበታል። ዝም ብሎ ይገማል።»

«ታዲያ ማን ይቀላቅላቸዋል?»

«ብርድ። ኅዳር ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ላይኛው ውሃ ሲቀዘቅዝ ይከብድና ይሰጥማል፤ የታችኛው ይወጣል። ሐይቋ ትገላበጣለች።» ማንኪያውን አነሳና ስፕሪሱን አማሰለው። ያ ሁሉ ቀለም አንድ ጭቃ የመሰለ ነገር ሆነ። «በይ ጠጪው። ሰው ስለሆንሽ ምንም አትሆኚም። ዓሣ ብትሆኚ ግን ይሄኔ አልቆልሽ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ስፕሪስ ጠጥቼ አላውቅም ብል ግነት ይሆንብኛል። ግን ሳላየው ጠጥቼ አላውቅም።

ስለ ኬሚካሎቹ የተማርኩት ከላያቸው የተለጠፈውን ጽሑፍ እያነበብኩ ነው። ያልገባኝን ጋሽ ተፈራን እጠይቃለሁ። እሱም በአፉ አይመልስም፤ ጠርሙስ ያቀብለኛል፤ «ሠርተሽ ንገሪኝ» ይላል። ለመስክ የሚወጣው ባልደረባችን ወገቡን ታሞ ሲቀር፣ ማን ይሂድ ተባለ። «ፋጡማ ትሂድ፤ እጇ ንጹሕ ነው» አለ ጋሽ ተፈራ። ከማጠቢያው ወደ ጀልባው የተሻገርኩት እንዲህ ነው።

የጀልባውን ሥራ ላስረዳችሁ። ረጅም ቱቦ የመሰለ መቅጃ አለ፤ ሁለቱም አፉ ክፍት ሆኖ በገመድ ይወርዳል። የምትፈልጊው ጥልቀት ሲደርስ፣ በገመዱ ላይ ትንሽ ብረት ትለቂያለሽ፤ ብረቷ ወርዳ ስትመታው አፉ ግጥም ይላል። ሲወጣ የዚያን ጥልቀት ውሃ ይዞ ነው። ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ ነው። ውሃውን ወደ ጠርሙሱ ስታስገቢ የላይ አየር እንዳይነካው በቀጭን ጎማ ከጠርሙሱ ሥር ትሞያለሽ፤ ሞልቶ ይፍሰስ፣ ደግሞ ይፍሰስ፣ ደግሞ ይፍሰስ። ጋሽ ተፈራ በዚህ ጊዜ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይመስለኝ ነበር፣ ለካ የፈሰሰውን እየለካ ነው። ከዚያ ከሁለት ብልቃጥ ኬሚካል ጠብ ጠብ ታደርጊበታለሽ፣ ትከድኛለሽ፣ ታገላብጫለሽ። አንዲት የአየር አረፋ ከተገኘች ይደፋና እንደገና።

ውሃው ውስጥ ያን ጊዜ አንድ ነገር ይረጋል። አየር በደንብ ካለ የሚረጋው ቡናማ ነው፤ ከሌለ ነጭ። ትክክለኛው ልኬት ፒያሳ ተመልሰን አሲድ ተጨምሮበት በጠብታ ሲቆጠር ነው የሚወጣው፤ ዓይን ግን እዚያው ጀልባው ላይ ብዙ ያያል። ለቀለሙ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። የፒያሳ ልጅ ሌላ ምን ታውቃለች፤ ጠቆር ያለውን ቡና፣ መካከለኛውን ማኪያቶ፣ ነጩን ወተት አልኩት። አንዷ አለቃችን የመስክ ወረቀቴ ላይ «በአምስት ሜትር፦ ማኪያቶ» የሚል አግኝታ «ይሄ የሐይቅ ጥናት ነው ወይስ የካፌ ሂሳብ?» ብላኛለች። ጋሽ ተፈራ ግን ወደዳት፤ እሱም ቡና፣ ማኪያቶ፣ ወተት ማለት ጀመረ።

አንድ ነገር ብቻ አይልም፤ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አይልም። ሰው «እንዴት ነው ውሃው?» ብሎ ሲጠይቀው ቀለሙን ይናገራል፣ አለቀ። «እኛ ዓይን ነን። ምን ይደረግ የሚለው የባለቤቱ ነው» ይል ነበር። ይህን ልማዱን አስታውሱልኝ።

ወደ ሰሜን ከምንሄድባቸው ትንንሽ ሐይቆች አንዷ ከደሴ ወዲያ ናት። የአገሩ ሰው ሐይቋ ብቻ ነው የሚላት፤ እኔም እንዲሁ ልበላት። እዚያ ጀልባ የሚቀዝፍልን ይመር የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሚስቱ ሰዓዳ ትባላለች። በዕድሜ እኩያዬ ናት፤ አባቴ የወሎ ሰው መሆኑን የሰማች ዕለት ዘመዷ አደረገችኝ። ደሴ አድረን በጠዋት በመኪና እንደርሳለን። ከዚያ ወደ ጀልባው መሄድ የለም። ሰዓዳ በር ላይ ናት።

«ባዶ ሆድ ይዞ ውሃ ላይ አይወጣም። ውሃው ይታዘባል» ትላለች።

ገንፎው ይቀርባል፣ መሐሉ ላይ ቅቤው። እርጎው ይቀርባል። ይመር ዱዓ ያደርጋል፣ አሜን እንላለን። «በሞቴ» አለ፣ «ይቺን ብቻ» አለ። አንድ ጊዜ ጋሽ ተፈራ ሰዓቱን ቢያይ ሰዓዳ አየችበትና «አንቱ፣ ሐይቋ የትም አትሄድም። እዚሁ ነው የምታድር» አለችው። ከዚያ ወዲህ በእሷ ቤት ሰዓት አይቶ አያውቅም። ዓመት አልፎ ዓመት ቢመጣ የዚያች ሐይቅ ውሃ የሚቀዳው ሆዳችን ከሞላ፣ ፀሐይዋም ከፍ ካለች በኋላ ነበር። ማንም ልብ አላለውም። እንግዳ ሆኖ የቀረበለትን ትቶ የሚነሳ ማን አለ?

በነቢያት ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለባለጉዳዮቹ ልተወው። የፒያሳ ዓሣ ቤቶች ግን በዚያ ወቅት መቀመጫ አይገኝባቸውም። ሰዓዳ ይህን ከሰማች በኋላ አንድ ሐሳብ መጣላት። ያጠመዱትን ሁሉ በየዕለቱ ከሚሸጡ፣ መረብ የለበሰ የእንጨት በረት ሠርተው፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከነሕይወቱ እዚያው ሐይቁ ውስጥ እያጠራቀሙ፣ ጾሙ ሲጠና ወደ አዲስ አበባ መላክ። ይመር ያለ የሌለ ጉልበቱን በረቱ ላይ አዋለ። በረቱ የት ይቁም ብለው ጠየቁን። ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ቦታ ቀድተን አየን።

«ቡና ነው» አለ ጋሽ ተፈራ።

በረቱ እዚያ ቆመ። ኅዳር ላይ ስንመለስ በረቱ ሞልቶ ነበር፤ ዓሣው ሲንፈራገጥ ውሃው ይፈላ ይመስላል። ቁርስ በላን፣ ወጣን፣ ቀዳን። ላይኛው ቡና ነው፣ ጥቂት ቀጠን ያለ። ከሥር የወጣው ወተት ነው፣ ሽታውም የበሰበሰ ዕንቁላል። ሥሩ ሁልጊዜም እንዲያ ስለሆነ አልገረመንም። ጋሽ ተፈራ የላይኛውን ጠርሙስ ወደ ፀሐይ ይዞ ቆየ። «ቡና ነው፤ ቀጥኗል» አለ። ሰዓዳ ቡና የሚለውን ሰማች። ሄድን።

በታኅሣሥ አንድ ቀን ማጠቢያው ላይ ቆሜ ደረጃው ሲያቃስት ሰማሁ። ዞር ስል ሰዓዳ ናት፤ ሻሿ በመንገድ አቧራ ቀለሙን ለውጧል። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ቤት ደኅና፣ ከብት ደኅና፣ ይመር ደኅና። ከዚያ «ዓሦቹ ሞቱ» አለችኝ። «ስንቱ?» አልኳት። «አንድም አልተረፈ።»

ወንበር ሰጠኋት። ጋሽ ተፈራ ከሚሠራበት ጠረጴዛ ቀና አለ።

«ለወቀሳ አይደለም የመጣሁ» አለች ወደ እሱ ዞራ። «ቡና ነው አላችሁኝ። እኔ ግን ቡናችሁ ምን እንደሆነ አላውቀውም። ያያችሁትን አሳዩኝ፤ እኔም ልየው።»

ጋሽ ተፈራ ወደ እኔ አየ። ሁለት ጠርሙስ አመጣሁ። በአንዱ የቧንቧ ውሃ ሞላሁ፤ በሌላው ደግሞ ፈልቶ፣ አፉ ተከድኖ የቀዘቀዘ ውሃ። ውሃ ሲፈላ አየሩ ይወጣል። በሁለቱም ጠብታውን አደረግሁ፣ ከደንኩ፣ አገላበጥኩ። አንዱ ጠቆረ። ሌላው ነጣ ብሎ ረጋ። ሰዓዳ ጎንበስ ብላ አየች።

«የእኔ ውሃ የትኛው ነበር?»

«ይሄኛው» አለ ጋሽ ተፈራ ጠቆር ያለውን እያሳየ። «ትንሽ የቀጠነ።»

«ረፋድ ላይ?»

«አዎ፣ ስንቀዳ።»

«እነሱ የሞቱት ግን ጎሕ ሲቀድ ነው። ይመር ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ወርዶ ነው ያያቸው። አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ሲያለከልኩ፣ እያየ ነው አንድ ባንድ ጎናቸው የዞረው። ረፋድ ላይ ቢሆንማ ምንም አልነበረም፤ ሐይቋ እንደ መስታወት ነበረች።»

ጋሽ ተፈራ ተቀመጠ። ሥራ ላይ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«መጽሐፉ ላይ አለ እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ቀን ፀሐይ ሲወጣ ውሃው ውስጥ ያለው አረንጓዴው ነገር አየር ይሰጣል። ሌሊት ግን የሚሰጥ የለም፤ ሁሉም ይተነፍሳል፣ ሁሉም ይወስዳል። ሊነጋ ሲል ነው ውሃው የሚደኸየው። በዚያ ላይ ብርዱ የሥሩን ውሃ እያወጣው ነበር። ረፋድ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ የጎደለውን ሞልታልን እናገኘዋለን። ይህን አውቃለሁ። ግን ቁርስ ቀርቦልኝ እንዴት ልነሳ?»

«እኔ ነኛ ያስቀመጥኳችሁ» አለች ሰዓዳ።

«አይ ሰዓዳ። ገንፎሽ ምን በደለ?» አለ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆመ። እኔ ደግሞ እነዚያን ሁለት ጠርሙሶች ማጠብ ጀመርኩ፤ ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም። ያን ዓመት የመዘገብናቸው የዚያች ሐይቅ ቁጥሮች ሁሉ ትክክል ነበሩ። ትክክል ነበሩ፤ ከቁርስ በኋላ የተቀዱ ቁጥሮች ነበሩ እንጂ የሐይቋ አልነበሩም። በሥራ ዘመኔ ከዚያ የከበደኝ ነገር የለም።

ከሰዓት በኋላ ሰዓዳን ወደ አንድ ካፌ ወሰድኳት። ባንኮኒው ላይ ቆመን ቡና፣ ማኪያቶና ወተት አዘዝኩ። አስተናጋጁ «ስንት ሰው ናችሁ?» አለኝ። «ሁለት ነን፤ ሦስተኛው ሐይቅ ነው» አልኩት። ሰዓዳ ሦስቱን አስተያየቻቸው። ማኪያቶውን በጣቷ ነካ አደረገች።

«መፍራት ያለብኝ ይሄኛውን ነው ማለት ነው።»

«ወተቱስ?»

«ወተት ከሆነማ ምን ቀረ? ያለቀለት ነው። መንገድ ላይ ያለው ይሄኛው ነው» አለች። ማኪያቶውን ጠጣችና «ደግሞ ይጣፍጣል፣ ሰው ያታልላል» አለችኝ።

በዓመቱ ይመር በረት አልሠራም አለ። «ውሃ ውስጥ የዘራሁት ይበቃኛል» አለ። ሰዓዳ ለመነችው። በመጨረሻ ተስማሙ፤ አንድ ዓመት ይሞክራሉ፣ ዓሣው እንደገና ከሞተ ግን በረቱ ይፈርሳል፣ ይመርም ጀልባውን ለወንድሙ ትቶ ደሴ ለቀን ሥራ ይገባል። ይህን በስልክ ነገረችኝ። ለጋሽ ተፈራ ስነግረው «ደሴ አናድርም። እነሱ ቤት ነው የምናድረው» አለ። አለቃችን የውሎ አበልና የማደሪያ ወረቀት እንዴት እንደሚሞላ ሲያስረዳ ሰማነው፤ ከዚያ ሄድን።

ታኅሣሥ ገብቷል። የደረስንበት ምሽት ብርዱ ጆሮ የሚቆርጥ ነበር፤ ነፋስ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጋሽ ተፈራ ደጅ ወጥቶ ቆየና «የስፕሪሱ ማንኪያ ወርዷል» ብሎኝ ገባ። ገና ሳይነጋ ተነሳን። ሰዓዳ ከእኛ ቀድማ ተነስታለች፤ ምድጃዋ ግን ጭስ የለውም። በሕይወቷ እንግዳ ባዶ ሆዱን ስትሸኝ የመጀመሪያዋ ነው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነጠላዬን አቀበለችኝ። ከዚያ ሐሳቧን ለወጠች መሰለኝ፣ እሷም ተከትላን ጀልባው ላይ ወጣች።

ይመር ቀዘፈ። በረቱ አጠገብ ቀዳሁ። ጎማውን ከሥር አስገባሁ፣ ፈሰሰ፣ ፈሰሰ፣ ፈሰሰ። ጣቴ ደንዝዞ ክዳኑን በበረቱ እንጨት ላይ አጋጨሁት፤ ጫፉ የተሸረፈው ያኔ ነው። ግን ገጠመ። አገላበጥኩት። ጨለማው እየሳሳ ነበር፤ ባትሪ አበራንበት።

ማኪያቶ ነበር። ያውም ወተት የበዛበት።

ሰዓዳ ጋሽ ተፈራን አየችው። «ማኪያቶ ነው» አለ።

«ቀለሙንማ እኔም አየሁት» አለች። «ዓሦቹ ገና አፋቸውን አላወጡም። በረቱን ብከፍተው ያጠራቀምነው ሁሉ ወደ ሐይቁ ይገባል። ባልከፍተው ደግሞ የአምናው ነው። አንቱ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?»

ጋሽ ተፈራ ጠርሙሱን ከእጄ ወስዶ ደግሞ አየው። ስንት ዘመን ከእሱ ጋር ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ጠበቅሁ።

«እኔ ብሆን እከፍተዋለሁ» አለ።

ይመር መቅዘፊያውን ጀልባው ላይ አስቀመጠ። ሰዓዳ የበረቱን ማሰሪያ ራሷ ፈታችው። ቆሮሶው መጀመሪያ አልወጣም፤ ከዚያ አንዱ ወጣ፣ ከዚያ ሁሉም። በረቱ ባዶ ሲሆን መረቡ ብቻ ውሃው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ።

ያን ቀን ምንም አልሆነም። ፀሐይ ወጣች፣ ሐይቋ አንጸባረቀች፤ እንዲያ አምራ አይተናት አናውቅም። ይመር የበረቱን እንጨት ደጁ ላይ ከመረና «ጋሼ፣ ማኪያቶው ለማን ነበር? እኛ ጋ ጠጪ የለም» አለ። ጋሽ ተፈራ ጠርሙሶቹን መሰብሰብ ያዘ። ገንፎው ቀረበ፤ ማንም ጥሩ አድርጎ አልበላውም። እኔ በልቤ ሥራዬን ደጋግሜ አየሁት፤ ጠብታው፣ አረፋው፣ ክዳኑ። ክዳኑ ቢሸረፍም ገጥሟል። ስሕተት አላገኘሁም። ስሕተት አለማግኘትም አያሳርፍም።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ የቀሰቀሰን ሽታው ነው። የበሰበሰ ዕንቁላል ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ወጥተን ስናይ ሐይቋ መልኳ ተለውጧል፤ ሰማያዊዋ ጠፍታ የደፈረሰ ጎርፍ መስላለች። ከዳር እስከ ዳር የሐይቁ ዓሣ አፉን ወደ ሰማይ አውጥቷል፤ መሐል ላይ ነጭ ሆዱን የገለበጠም ብዙ ነበር። በረቱ በቆመበት ቦታ ቀዳሁ። ወተት ነው። ይመር አይቶ ጠርሙሱን መለሰልኝ።

ሰዓዳ ግን ወደዚያ አላየችም። ቀሚሷን ሰብስባ ወንዙ ወደሚገባበት ወደ ሐይቁ ጥግ ሮጠች፤ ተከተልናት። ወንዙ ከተራራ የሚወርድ ንጹሕ፣ አየር የጠገበ ውሃ ነው። አፉ ላይ ዓሣው ተፋፍጎ ቆሟል፤ ጀርባ ለጀርባ ተደራርቦ፣ ውሃውን ፊት ለፊት ይዞ እየተነፈሰ። የእሷ የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም። እዚያ የቆሙት ግን በሕይወት ነበሩ። መንደርተኛውም መረቡን ይዞ እየመጣ ነው። ሰዓዳ ወንዙ አፍ ላይ ድንጋይ ላይ ወጥታ ቆመች።

«ሐይቋ እስክትጠራ ድረስ እዚህ መረብ የጣለ ሰው፣ ከዛሬ ጀምሮ ቁርሴን አይቀምስም» አለች።

ሰው ተሳሳቀ። ግን በዚያ መንደር የሰዓዳን ገንፎ ያልበላ አልነበረም፤ መረቡን ጠቅልሎ ተመለሰ። ሐይቋ ስትጠራ ይመርና ጎረቤቶቹ አብረው አጠመዱ። በረቱ እንደገና ተተክሎ ሞላ፤ እንደ ፊቱ ባይሆንም ከገና በፊት ለጾሙ ገበያ ደረሰ። ይመር ደሴ አልሄደም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ታኅሣሥ ሲገባ ቁርስ የሚቀርበው ጠርሙሱ ከተገለበጠ በኋላ ሆነ።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ለሰዓዳ ሁለቱን ብልቃጥ፣ ጓንትና ጠርሙስ በአውቶቡስ እልክላት ጀመር። አሲዱንና ቁጥሩን እኛ እንያዘው፤ ቀለሙ ለእሷ ይበቃታል። ጋሽ ተፈራ ጡረታ ወጣ፤ ነፍሱን ይማረውና ብዙም አልቆየ። በመጨረሻ ቤቱ ሄጄ ስጠይቀው «ፊትሽ ማኪያቶ ሆኗል፣ እረፊ» ብሎኛል። ወጣቱ ዶክተር መጣ፤ በገመድ የሚወርድ መለኪያ አመጣ። ወደ ውሃው ስትነክሪው ቁጥሩን ያሳይሻል፤ ጠብታ የለ፣ አረፋ የለ። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ሰነፍ አያደርግም፣ ፈጣን ያደርጋል። የመጀመሪያ ቀን ዶክተሩን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትነክሩት?» እሱም አሰበና «እርስዎ ይንገሩኛ» አለኝ። ነገርኩት። ሲስቅ ቆየና በመርሐ ግብሩ ላይ ከንጋት በፊት ብሎ ጻፈው።

ከዚያ ላብራቶሪው ወደ አዲስ ሕንፃ ተዛወረ። ያ የእንጨት ፎቅም ፒያሳ ሲታደስ ፈረሰ። አሁን ቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው፤ ሰዓት ጠጋኙ የት እንደሄደ አላውቅም። እኔ ግን እግሬ ልማዱን አልተወም። ንጋት ላይ ጋቢዬን ደርቤ ከአፍንጮ በር እወርዳለሁ፣ ራስ መኮንን ድልድይን እሻገራለሁ፣ ዳገቱን እወጣለሁ። ማጠቢያዬ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን የድንጋይ መቀመጫ አለ፤ እዚያ አረፍ እላለሁ።

ባለፈው ታኅሣሥ እዚያው ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ። ብርዱ ያው ብርድ ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሰዓዳ ናት።

«ፋጤ፣ ማኪያቶ ሆነ» አለችኝ።

ከድንጋዩ ተነሳሁ። ላብራቶሪ የለኝ፣ ጀልባ የለኝ፣ የምጠይቀው ጋሽ ተፈራም የለ። «ላይኛው ነው?» አልኳት።

«ላይኛው ነው። በረቱ ጋ።»

ሰዓዳ በዚህ ዘመኗ ከእኔ ይልቅ ያንን ውሃ ታውቀዋለች። ቢሆንም ጠየቀችኝ ብዬ አሰብኩ፤ ጋሽ ተፈራ ያን ጊዜ የቆየውን ያህል እኔም ቆየሁ። «እኔ ብሆን እከፍተዋለሁ» አልኳት።

«እሱንማ ከፈትኩት፤ ዓሦቹ ወንዙ አፍ ደርሰዋል» አለችኝ። «እኔ የደወልኩት ቁርስ በልተሽ እንደሆነ ልጠይቅሽ ነው።»